ሽማግሌ የላክኩበት ጨዋታ

ልጄ ጃፓን የሄደችው ለአንድ ዓመት ነበር። ሦስተኛውን ዓመት ስትጀምር ፌርፋክስ ላይ፣ ሎስ አንጀለስ ባለው የሐበሻ ሰፈራችን፣ ሰው ላለማግኘት ያልዞርኩበት መንገድ አልነበረም። ሥጋ ልገዛ ስገባ «ልጅቷ መጣች?»፣ በርበሬ ልወስድ ስገባ «ልጅቷስ?»፣ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ገና በሩን ሳልዘጋ «ያቺ ልጅ እዚያው ቀረች በቃ?»። መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሙ ተራዝሞ ነው እያልኩ አለፍኩ። በሁለተኛው ዓመት ፕሮግራሙ ሁለት ክፍል አለው አልኩ። በሦስተኛው ውሸት አለቀብኝና የጠየቀኝን ሁሉ መቆጣት ጀመርኩ። አንድ የድሮ የታክሲ ጓደኛዬን አንተ የራስህን ልጆች ጠብቅ ብዬው ስድስት ወር ተኮራርፈናል።

ቁጡ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ቁጣህ ከአንተ ቀድሞ ነው በር የሚያንኳኳው ትለኛለች። ልክ ናት፤ ግን በዚያ ሰሞን የተቆጣሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ልጃችን አንድ ናት። ያሳደግናት ኢንግልዉድ፣ አውሮፕላኑ ሁሉ ጣራችን ላይ ሊያርፍ በሚመስልበት ሰፈር ነው። ያኔ ታክሲ እነዳ ነበር። ዌስትውድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያደረስኳት እኔ ነኝ። በስልክ የሚጠሩት መኪኖች መጥተው ታክሲውን ሲገድሉት ደግሞ ሚድ ዊልሻየር አንድ የቢሮ ሕንፃ ሥር የመኪና ማቆሚያ ኃላፊ ሆንኩ። ልጅቷን የፋርማሲ ትምህርት ቤት ተቀብሏት ነበር። እሷ አንድ ዓመት ይቆይልኝ አለችና፣ ስሙን እስከ ዛሬ አስተካክዬ የማልጠራው የጃፓን ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ላስተምር ብላ ሄደች።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ ግን ያስቀራት ነገር ነው። ባል ቢሆን ይገባኛል። ጥሩ ሥራ ቢሆን እያረርኩም ቢሆን ይገባኛል። ልጄን ያስቀረብኝ የሁለተኛ ዲቪዚዮን የኳስ ክለብ ነው፤ ያውም የሚሸነፍ። ልጅ ሆና ቅዳሜ ቅዳሜ የእኛ ሰዎች ኳስ ወደሚጫወቱበት ሜዳ ስወስዳት መኪና ውስጥ መጽሐፍ ይዛ ትቀመጥ ነበር። አንድ ጊዜ ጎል አግብቼ ስዞር፣ ራሷን እንኳን ቀና አላደረገችም። አሁን ደግሞ ስደውልላት «አባ፣ ሶሪ፣ ዛሬ ጨዋታ አለብኝ» ትለኛለች። ጨዋታ አለብኝ የሚለው የሚጫወት ሰው ነው። እሷ ያለባት ሁለት ሰዓት ቆሞ መዝፈን ነው።

ከጨዋታው ጋር አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ በሜዳቸው በሚደረግ ጨዋታ ሁሉ ከልጄ አጠገብ የሚቀመጡ ሰው ናቸው። ዘፈኖቹን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ጉንፋን ሲይዛት የሩዝ ገንፎ ሠርተው በሯ ላይ አስቀምጠውላት ሄደዋል። ይህን ስትነግረን በነሱ ቋንቋ «አያቴ» ትላቸዋለች። ባለቤቴ ስልኩ ላይ እጇን ዘርግታ መረቀቻቸው። እኔ ቀናሁ። ለልጄ ገንፎ የሚሠራ ሽማግሌ ባዕድ አገር መገኘቱ ሊያስደስተኝ ሲገባ አበሳጨኝ።

በመኸር ላይ ልጅቱ ደወለችና ከእናቷ ጋር አወራች። ኖቬምበር ላይ የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳቸው ጨዋታ አለ፣ አባ መጥቶ ከእኔ ጋር ይየው፣ እባክሽ እሺ አስብዪው አለቻት። ለምን ያኛው ጨዋታ እንደሆነ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ባለቤቴ ጉልበቷ ያን ያህል ሰዓት አውሮፕላን ላይ ተቀምጦ አይችልም። እኔን አስቀምጣ እንዲህ አለችኝ፦

«ሂድ። ግን እንደ ልማድህ ጮኸህ እንዳትመጣ። አባት ያቃተውን ሽማግሌ ነው የሚጨርሰው። እሷ የምታከብራቸው እኚያ ሽማግሌ አሉ አይደል? እሳቸውን ላክባት። እሳቸው ግቢ ካሏት ትገባለች።»

ንግግሩን በስልኬ ቀርጬ እንዳመጣላትም አስጠነቀቀችኝ። የሰውየውን ቃል በገዛ ጆሮዋ መስማት ትፈልግ ነበር። የማታውቀውን ቋንቋ ሰምታ ምን ልታደርግ ነው ብዬ ልጠይቃት ነበር፤ ዓይኗን ሳይ ተውኩት። ሐሳቡ ደግሞ ደስ ብሎኛል። እኔ ራሴ እዚህ ከተማ ስንት ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ፤ ስንት ከቤት የወጣ ልጅ ተቀምጬ መክሬ መልሻለሁ። የራሴን ቤት ጉዳይ ለሽማግሌ የማቅረብ ተራ ሲደርሰኝ ከብዶኛል፣ ግን ወጉን አውቀዋለሁ።

ጃፓን ሄጄ ልጄ ቤት አረፍኩ። ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ልጄ ግን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰችኝ። ብርቱካንማ ማሊያዋን ለብሳ፣ ብርቱካንማ ፎጣ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ቆማለች። የራሴን አረንጓዴ ጃኬት ስለብስ አየችኝና «አባ፣ ፕሊስ፣ እሱን ቼንጅ አድርገው፤ አረንጓዴ የሌላኛው ቡድን ከለር ነው» አለችኝ። ከሎስ አንጀለስ ሳልነሳም በስልክ ነግራኝ ነበር። ጃኬቴ የማንም ማሊያ አይደለም፣ ፌርፋክስ ላይ የገዛሁት የራሴ ጃኬት ነው አልኳትና ዚፑን እስከ አንገቴ ዘጋሁት።

ስታዲየሙ በር ላይ ስንደርስ መሬቱ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ስም አለ። ሰዎቹ ከአንድ ቀን በፊት መጥተው የተራ ቦታቸውን በዚህ ይይዙና ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የሰልፉ ሰዓት ሲደርስ ሁሉም መጥቶ የራሱ ወረቀት ላይ ይቆማል። ጠባቂ የለውም። ልጄ የራሷንና የሽማግሌውን ስም ጎን ለጎን አሳየችኝ፤ ትናንት ከሥራ ስትወጣ ለጥፋው ነው። እኔ ሰው የመኪና ቦታ ሲሻማ እያየሁ ነው የኖርኩት። ቦታ መያዣውን የፕላስቲክ ኮን ሳስቀምጥ ኮኑን ገጭተው የሚያልፉ ሐኪሞች አውቃለሁ። ያን ወረቀት አንድም ሰው አለመንካቱ ልክ የሰደቡኝ ያህል አናደደኝ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም፤ ልጄ እዚህ ትቀራለች ብዬ መጀመሪያ የፈራሁት ግን እዚያ ወረቀት ላይ ቆሜ ነው።

ሽማግሌው መጡ። አጭር፣ ቀጭን፣ ኮፍያቸው በማስታወሻ ፒን የተሞላ ሰው ናቸው። ሲያዩኝ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቆዩ። እኔም ጎንበስ አልኩ። እሳቸው ቀና ሲሉ እኔ ገና ጎንበስ ብዬ ነበር፣ እኔ ቀና ስል እሳቸው እንደገና ጎንበስ አሉ። ልጄ ሳቀች። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ሰውየውን ወደድኳቸው፤ ልልካቸው ላሰብኩት መልእክት የሚመጥኑ መሰሉኝ።

በሩ ላይ ግን አንድ ወጣት አስተናባሪ እጁን በትሕትና ዘርግቶ አስቆመኝ። ከፊቴ ያሉት ሁሉ አለፉ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሌላውን አሳልፎ እኔን የሚያቆም በረኛ ስንት ዓመት አይቻለሁ፤ ደሜ ወዲያው ፈላ። በእንግሊዝኛ ጮህኩበት፤ ጥቁር ስለሆንኩ ነው ያቆምከኝ አልኩት። ልጁ ደንግጦ ደጋግሞ ጎንበስ ይላል። ልጄ ጆሮዬ ሥር መጥታ «አባ፣ ጃኬቱ ነው። የሆም ደጋፊ በሚቀመጥበት በኩል የእንግዳውን ቡድን ከለር ማንም አይለብስም። ነግሬህ ነበር» አለችኝ። ልጁ ነጭ የፕላስቲክ የዝናብ ልብስ አመጣልኝ። ፀሐይ ጠራርጋ በወጣችበት ቀን፣ በሺህ በሚቆጠር ብርቱካንማ መካከል፣ እንደ ተሸፈነ ሶፋ ፕላስቲክ ለብሼ ገባሁ። ይቅርታ አልጠየቅኩትም።

ጨዋታው እንደ ኳስ ከታየ ምንም አልነበረም። የእነልጄ ቡድን ከደረጃ ሰንጠረዡ ግርጌ ነበር፤ ከመውረድ የተረፈ፣ ሌላ ነገር ያልተረፈው። ከጎሉ ጀርባ ያለው ሕዝብ ግን ቁጭ አይልም። አንድ ድምፅ ማጉያ የያዘ ሰውዬ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ያዘፍናል፤ በዓይኑ አንድም ኳስ ሳያይ ግማሹ ጨዋታ አለቀ። ጎል ገባባቸው። እኔ ለመሳደብ ተነሳሁ፤ የልጅነቴ ስታዲየም ውስጥ ይህን ጊዜ የአሠልጣኙ እናት አትተርፍም ነበር። እነዚህ ዘፈኑን ከፍ አደረጉት። ልጄ ከሁሉም በላይ ትጮህ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስወስዳት ከንፈሯን ብቻ የምታንቀሳቅስ ልጅ፣ በሰው ቋንቋ ያን ሁሉ ስንኝ በቃሏ ይዛ ደረቷን ከፍታ ትዘፍናለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳላት እኔ አባቷ አላውቅም ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

እኛ የተቀመጥነው ከቆመው ሕዝብ ጎን፣ ለአረጋውያን በሚመቸው ጥግ ላይ ነበር። ልጄ ከመዝፈኑ መለስ እያለች መሐላችን ትቀመጣለች። ሽማግሌው መንደሪን ልጠው አካፈሉን። እኔ ከፌርፋክስ ያመጣሁትን ቆሎ ዘገንኩላቸው፤ እያመሰገኑ አንድ በአንድ በሉ። ከዚያ እረፍት ሆነ። ሰው ሁሉ ለምግብ ተነሣ። ሰዓቱ ይህ ነው አልኩና ስልኬን ፊት ለፊት ባለው መቀመጫ ላይ በምግብ ከረጢቱ አስደግፌ መቅረጫውን ከፈትኩት። ኮፍያዬን አወለቅኩ። ፕላስቲኩን ግን አላወለቅኩም፤ ያ ልጅ እንደገና ይመጣል ብዬ።

ልጄን ከሽማግሌው ጋር የምነጋገረው ጉዳይ አለኝ፣ ተርጉሚልኝ አልኳት። በወጉ ጀመርኩ፤ ስለ ጤናቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ አገራቸው ሰላም ጠየቅኩ። እየሳቀች ተረጎመች። ቀጥዬ ጉዳዩን ሳነሣ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። «አባ፣ ይሄንን እኔው ራሴ ልተርጉመው?» አለችኝ። ሌላ ማን አለኝ አልኳት። እዚያ ስታዲየም ውስጥ የእኔን ቋንቋና የእሳቸውን ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። ተከሳሿን አስተርጓሚ አድርጌ የቆምኩ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ በጊዜው ግን ይህ አልታየኝም።

አንድ ልጄ ናት አልኳቸው። እናቷ ጉልበቷ ታሞ ደረጃ አትወጣም፣ ሌሊቱን ስልኳን አቅፋ ነው የምታድረው አልኩ። እኔ ሌላው ሰው መኪናውን ሲያቆምና ሲያወጣ ዕድሜዬን የጨረስኩት እሷ ተምራ አጠገባችን እንድትኖር ነው። በእኛ አገር ልጅ አባቱን እምቢ ሲል ሽማግሌ ይላክበታል፤ የሽማግሌ ቃል አይታጠፍም። እርስዎን አያቴ ትላለች፣ እንደ አያት ሆነው ወደ ቤትሽ ግቢ ይበሉልኝ አልኳቸው። እዚህ ላይ ብቆም ጥሩ ነበር። አልቆምኩም። የተማረች ልጅ ጎል ለማያገባ ቡድን ቅዳሜ ቅዳሜ ጉሮሮዋ እስኪነቃ መጮኋ ለእኛ ውርደት ነው፣ ለእርስዎም በዚህ ዕድሜዎ አያምርም ብዬ ጨመርኩበት።

እያንዳንዷን ነገር ስናገር እሷ ዓይኗን ጫማዋ ላይ ተክላ ትተረጉማለች። ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙ። ጨርሼ ስቀመጥ ወደ እሷ ዞሩና አጭር ነገር ጠየቋት። እሷ ረጅም መለሰች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አንድ ሁለቴ ቆም እያለች። ምንድን ነው የምታወሩት ስላት «የጠየቁኝን እየመለስኩ ነው» አለችኝ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ለእሷ አንድ ነገር አሏትና ለእኔ ጎንበስ ብለው ጥቂት ቃል ተናገሩ።

«ሁለተኛው ግማሽ ሊጀመር ነው፤ አብረን እንየው አሉህ» አለችኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት አልመሰለኝም። ባሕር አቋርጬ መጥቼ፣ ሰው ፊት ኮፍያዬን አውልቄ፣ የቤቴን ገመና ዘርግፌ፣ መልሱ ኳስ እንይ ነው? ከዚያ ገባኝ፤ ገባኝ ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌ እንዲህ አይመልስም። አልተረጎመችም። እኔ ስለ እናቷ ስናገር እሷ ስለ ውጤቱ እያወራች ሁለታችንንም አጫውታናለች። ስልኩን ከመቀመጫው ላይ መንጭቄ አጠፋሁት፤ ባለቤቴ ቀጥሎ የምለውን እንድትሰማ አልፈለግኩም። ይህን ለማሰብ ያህል ልብ ነበረኝ ማለት ነው።

«ውሸታም» አልኳት። ሰው ዞሮ አየን።

«አባ፣ አንድም ቃል አልቀየርኩም» አለች።

«ውሸታም ነሽ። እዚሁ ቅሪ። እናትሽ ብትሞት እንኳን እንዳትመጪ።»

አማርኛ የሚያውቅ ማንም እዚያ አልነበረም፤ ግን ከዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሜዳው መለሰ። ጨዋታው ሲጀመር ተነሥታ ከቆሙት መሐል ገባች፤ ከዚያ በኋላ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት።

ሁለተኛው ግማሽ እንዴት እንዳለፈ አላስታውስም። አንድ ለዜሮ ተሸነፉ። ፊሽካው ሲነፋ እንወጣለን ብዬ ስነሣ ማንም አልተነሣም። የዓመቱ የመጨረሻ የሜዳቸው ጨዋታ ስለሆነ ተጫዋቾቹ ተሰልፈው አምበሉ ንግግር አደረገ፣ ከዚያ ሜዳውን እየዞሩ ለደጋፊው እጅ ነሡ። እኛ ፊት ሲደርሱ ልጄ ፎጣዋን በሁለት እጇ ወደ ላይ ዘርግታ ታለቅስ ነበር። ለአያቷ ለቅሶ እንዲህ አላለቀሰችም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ። ለተሸነፉ ሃያ ልጆች እንባዋን ታፈሳለች፤ አባቷ ከኋላዋ ፕላስቲክ ለብሶ ቆሟል።

ከዚያ ሰው ሁሉ የየራሱን ቆሻሻ በየዓይነቱ እየለየ በከረጢት ሰበሰበ። ሽማግሌው ከእኔ መቀመጫ ሥር የወደቀውን ቆሎ በጣታቸው አንድ በአንድ ለቀሙ። ላግዛቸው ጎንበስ ስል በእጃቸው ተው አሉኝ። ሲለዩን ከመጀመሪያው ይልቅ ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ፤ እኔ አልመለስኩላቸውም። ልጄ በማግስቱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘችኝ። ጉንጬን ሳመችኝ፣ መድኃኒትህን እንዳትረሳ አለችኝ፤ ሌላ የተነጋገርነው የለም።

ሎስ አንጀለስ ስገባ ለባለቤቴ ሽማግሌውን ልኬ ነበር፣ እሺ አላለችም አልኳት። ቪዲዮውን ወደ ስልኳ ላክኩላት። ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየችው አላውቅም። ሥራ ስሄድ ታየዋለች፣ ስመለስ ታየዋለች። ልጅቷ ከስታታለች፣ ፀጉሯን አሳጥራዋለች፣ ሰውየው ደግ ይመስላሉ ትላለች። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ልጃችን ደወለች። ለአንድ ዓመት እንደገና ፈርማለች። ለእናቷ ነው የነገረቻት፤ እኔን ስታነጋግረኝ አየሩ እንዴት ነው አለችኝ። ባለቤቴ በዚያን ዕለት ምግብ አልቀመሰችም። እኔ ልማዴ ነው፣ ቤቱን በቁጣ ሞላሁት፤ ጃፓንን፣ ኳሱን፣ ሽማግሌውን፣ ማንንም አላስቀረሁም።

ባለቤቴ ግን ከቪዲዮው ውስጥ አንድ ነገር ይዛለች። ሽማግሌው ጠይቀዋት ልጅቷ ረጅም የመለሰችበትን ቦታ እያቆመች ታሳየኛለች። «እዚህ ጋ ፊቷን እየው። ይሄ ስለ ኳስ አይደለም። እኔ ነኝ የወለድኳት። ሰው ፈልገህ አስተርጉምልኝ» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ዛሬ ነገ እያልኩ አቆየኋት፤ ከዚያ በላይ አላስቻለኝም።

ከሕንፃችን ወርኃዊ ደንበኞች መካከል ጃፓን ተወልደው ያደጉ አንዲት ሴትዮ አሉ፤ መኪናቸውን ሁልጊዜ በኋላ ማርሽ የሚያስገቡ፣ ኮኔን ገጭተው የማያውቁ። አንድ ጠዋት አስቆምኳቸውና ነገርኳቸው። መኪናቸው ውስጥ ተቀምጠው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው ሰሙት፤ ከዚያ ከመጀመሪያው መልሰው ሰሙት። መጀመሪያ የጠየቅኳቸው በትክክል ተርጉማለች ወይ ብዬ ነው። አማርኛዎን ባላውቅም ልጅዎ የተናገረችው ይህ ነው ብለው ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩኝ። የእናቷ ጉልበት አለ። የመኪና ማቆሚያው አለ። ለእርስዎም በዚህ ዕድሜዎ አያምርም ያልኩት እንኳን አለ፤ አላለሰለሰችውም።

ሽማግሌው የጠየቋት፣ አንቺስ ምን አስበሻል ብለው ነበር። የእሷን መልስ ሴትዮዋ ቀስ ብለው በእንግሊዝኛ ነገሩኝ፦

«በማርች ልመለስ ወስኛለሁ። ለማስተምርበት ትምህርት ቤትም ነግሬያለሁ። ዛሬ የመጨረሻ ጨዋታዬ ነው፤ አባቴን የጠራሁት ለዚያ ነው። ከመሄዴ በፊት እዚህ የነበረኝን አንድ ጊዜ እንዲያይልኝ ፈልጌ ነው። ተጫዋቾቹ ሲዞሩ ልነግረው ነበር።»

ሽማግሌውም እንግዲያው እኔ የምጨምረው የለኝም፣ ሁለተኛውን ግማሽ አብረን እንይ፣ ሲያልቅ አንቺው በአፍሽ ንገሪው አሏት። ወደ እኔ ዞረው ያሉትም እሷ የተረጎመችልኝን ያንኑ ነው።

ሴትዮዋ ስልኩን ሲመልሱልኝ ፊታቸው በርቶ ነበር። «እንኳን ደስ ያለዎት» አሉኝ። «ማርች ደረሰ እኮ። መቼ ነው የምትገባው?»

በቅርቡ ነው አልኳቸው። አመስግኜ በሩን ከፈትኩላቸው። ከኋላ የተሰለፈ መኪና ጥሩንባ ነፋብኝ፤ ሾፌሩን በዕድሜዬ ሙሉ ማንንም ባልሰደብኩት ስድብ ሰደብኩት። ሰውየው ምንም አላደረገኝም። የተናደድኩት በማን እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እሱን መስደብ ግን አልቻልኩበትም።

ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ትጠብቀኝ ነበር። ጃኬቴን ሳላወልቅ «ምን ብላቸው ነው?» አለችኝ።

«ስለ ጨዋታው ነው» አልኳት። «እንዴት ጎል እንደገባባቸው ጠየቋት፣ እሷ ደግሞ ተከላካዮቹ ደካማ ናቸው አለች። ሌላ የለም።»

ስልኳን አስቀመጠችና እጄን ያዘች። «ይሁን። ድንጋይ ናት፣ ምን ታደርግ? አንተ የአባት ወጉን አድርሰሃል። ቁጣህን ውጠህ፣ ሰው ፊት ቆመህ ለምነሃታል» አለችኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ፌርፋክስ ላይ ቆመን ሳለ ይህንኑ ለሴቶቹ ነገረቻቸው፤ ባሕር አቋርጦ ሄዶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገራት ተመለሰ አለቻቸው። አንዷ እትዬ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ አባት ማለት እንዲህ ነው አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኳት።